አልጀብራዊ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ በድኅረ ምረቃ ደረጃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ ሦስተኛ ዲግሪ የሚያመሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆኑ፣ የሙያ ቃላቱም በክፍል ውስጥ በሚነገሩበት አኳኋን ተጽፈዋል።

«አልጀብራዊ» የሚለው ቃል የሚገልጸው የጥናቱን ዘዴ ነው ወይስ ቁጥሮቹን?

በዋናነት ቁጥሮቹን ነው። አንድ ቁጥር አልጀብራዊ የሚባለው ኮፊሸንቶቹ ራሽናል ለሆኑ፣ ራሱ ግን ዜሮ ላልሆነ ፖሊኖሚያል መፍትሔ ሲሆን ነው። √2 እና √−5 እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ፓይ ግን አይደለም። ወደ ራሽናል ቁጥሮች እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር ስንጨምር የምናገኘው ስብስብ የቁጥር ፊልድ ይባላል፤ በውስጡም የመደበኛዎቹን ኢንቲጀሮች ቦታ የሚይዝ የኢንቲጀሮች ሪንግ አለ። ዘርፉ የሚያጠናው ይህንን ሪንግ ነው። ዘዴው ከአልጀብራ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል፤ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ የጂኦሜትሪም የአናሊሲስም መሣሪያዎች ይገባሉ።

ዘርፉ የተወለደው ከምን ችግር ነው? ታሪኩን ማወቅስ ለተማሪ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ትርጓሜዎቹ ያለ ታሪካቸው ሲቀርቡ ከሰማይ የወረዱ ይመስላሉ። መነሻው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው አንድ እውነት ነው፦ ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም መቁጠሪያ ቁጥር ወደ ፕራይም ቁጥሮች የሚተነተነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ይህ ባሕርይ በሰፊዎቹ የቁጥር ሥርዓቶችም ይቀጥላል ብሎ ማሰብ ቀላል ስሕተት ነው፤ የተሳሳቱትም ትናንሽ ሰዎች አልነበሩም። ጋብርኤል ላሜ መጋቢት 1 ቀን 1847 በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ቆሞ የፌርማን የመጨረሻ ቴዎረም (n ከ2 ሲበልጥ xⁿ+yⁿ=zⁿ ዜሮ ባልሆኑ ኢንቲጀሮች መፍትሔ የለውም የሚለውን) እንዳረጋገጠ ሲያስታውቅ፣ ማረጋገጫው የአንድን ፕራይም ቁጥር ያህል ከፍ ሲሉ 1 የሚሆኑትን ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ተጠቅሞ እኩልታውን ወደ ተባዦች በመተንተን ላይ የቆመ ነበር። ዦዜፍ ሊዩቪል ወዲያው ተነሥቶ እነዚህ ቁጥሮች በአንድ መንገድ ብቻ ስለመተንተናቸው ምን ማስረጃ አለ ሲል ጠየቀ። ጥቂት ቆይቶም ጀርመናዊው ኤርንስት ኩመር በጻፈው ደብዳቤ፣ ያ ባሕርይ በአጠቃላይ እንደማይሠራ ከሦስት ዓመት በፊት ማሳተሙን አስታወቀ። ባሕርዩ መጀመሪያ የሚፈርሰውም 23 ላይ ነው።

ትንሹና ሁሉም መምህር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ምሳሌ ግን የ√−5 ነው። በዚያ ሥርዓት 6 ሁለት ትንተና አለው፤ በአንድ በኩል 2×3 ነው፣ በሌላ በኩል (1+√−5)×(1−√−5) ነው። የአራቱ ቁጥሮች ኖርም (ለa+b√−5፣ a²+5b²) በቅደም ተከተል 4፣ 9፣ 6 እና 6 ሲሆን፣ ኖርሙ 2 ወይም 3 የሆነ ኢንቲጀር በዚያ ሪንግ ውስጥ ስለሌለ አራቱም ከዚያ በላይ አይተነተኑም። ኩመር ለዚህ ያቀረበው መድኃኒት «ሐሳባዊ ቁጥሮች» የሚል ነበር፤ ሪካርድ ዴዴኪንድ በ1871 ያንን ሐሳብ አይዲያል ወደሚባለው የቁጥሮች ስብስብ ለወጠው፤ ቁጥሮቹ በአንድ መንገድ ባይተነተኑም አይዲያሎቹ ግን ሁልጊዜ ይተነተናሉ። በሪንግ ቲዎሪ ኮርስ አይዲያልን ያለ ምክንያት ተምረው ያለፉ ተማሪዎች ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?

ሪንግ፣ አይዲያል፣ የፊልድ ቅጥያና የጋሎዋ ቲዎሪ፣ ውሱን ፊልዶች፣ እንዲሁም ውሱን አመንጪ ያላቸው የአቤል ግሩፖች አወቃቀር ያስፈልጋሉ። ከሊኒየር አልጀብራ ደግሞ ዲተርሚናንትና ትሬስ በእጅ የሚሠሩ መሣሪያዎች መሆን አለባቸው። ኮምፕሌክስ አናሊሲስ የሚያስፈልገው ዜታ ፈንክሽን ላይ ሲደረስ ነው። የጋሎዋን ቲዎሪ ገና ያልተማሩ ከሆነ የኮርሱን የመጀመሪያ አጋማሽ ሊከታተሉ ይችላሉ፤ ፕራይሞች በቅጥያ ፊልድ ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈሉ ከሚጠናበት ክፍል ጀምሮ ግን ወደኋላ ይቀራሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ኮርስ በጥብቅ ባያስፈልግም፣ የኳድራቲክ ሬሲፕሮሲቲን ሕግ በቁጥር ምሳሌ ያልሞከረ ሰው በኋላ የሚመጣው ሁሉ ለምን እንደሚያስደንቅ አይታየውም።

ክላስ ግሩፕን በእጅ ማስላት አስፈላጊ ነው? ፈተና ላይ ካልመጣስ?

ይህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ክላስ ግሩፕ የሚባለው አይዲያሎች በመደብ በመደብ ተመድበው የሚሠሩት ግሩፕ ሲሆን፣ በአንድ ቁጥር የሚመነጩት ሁሉ አንድ መደብ ናቸው። እኔ ራሴ ይህንን ኮርስ ስወስድ የዴዴኪንድ ዶሜይንን ትርጓሜዎች በሦስት ዐይነት መንገድ እኩል መሆናቸውን ማረጋገጥ እችል ነበር፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን አንድም ክላስ ግሩፕ በገዛ እጄ አስልቼ አላውቅም ነበር። ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ትምህርቱን ግን አልተማርኩትም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ቢያንስ አሥር ኳድራቲክ ፊልዶችን (በራሽናሎቹ ላይ አንድ ዳግም ዘር በመጨመር የሚገኙትን) በወረቀትና በእርሳስ እንዲሠሩ እመክራለሁ።

በ√−5 እንጀምር። የፊልዱ ዲስክሪሚናንት −20 ነው። የሚንኮቭስኪ ገደብ፣ ማለትም 2 ለፓይ ተካፍሎ በ√20 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር፣ ወደ 2.85 ይጠጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የአይዲያል መደብ ኖርሙ ከ2 የማይበልጥ አይዲያል ይይዛል። «ከ2 በላይ ያለው»፣ ማለትም 2ን በውስጡ የያዘው፣ ፕራይም አይዲያል አንድ ብቻ ሲሆን ዳግም ርቢው በ2 የሚመነጨው አይዲያል ነው። እሱ ራሱ በአንድ ቁጥር እንዳይመነጭ ደግሞ ኖርሙ 2 የሆነ ቁጥር የለም። ስለዚህ ክላስ ግሩፑ ሁለት አባላት አሉት፤ ከላይ ያየነው የ6 ሁለት ትንተናም የዚህ ምልክት ነው። ይህ ሁሉ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

ቀጥሎ √−23ን ይውሰዱ። መጀመሪያ የሚጠብቅዎት ወጥመድ የኢንቲጀሮቹ ሪንግ ራሱ ነው፤ (1+√−23)/2 ክፍልፋይ ቢመስልም፣ ዳግም ርቢው ላይ 6 ተደምሮ ራሱ ቁጥሩ ሲቀነስ ዜሮ ስለሚሆን ኢንቲጀር ነው። ይህንን የረሳ ተማሪ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ይበላሽበታል። ዲስክሪሚናንቱ −23፣ የሚንኮቭስኪ ገደቡም ወደ 3.05 ስለሆነ 2ን እና 3ን ብቻ መመርመር ይበቃል፤ ሁለቱም ለሁለት ለሁለት ፕራይም አይዲያሎች ይከፈላሉ። ያ ግማሽ የሚመስለው ቁጥር ኖርሙ 6 በመሆኑ፣ ከ2 በላይ ያለ አንድ አይዲያልና ከ3 በላይ ያለ አንድ አይዲያል ሲባዙ ውጤቱ በአንድ ቁጥር የሚመነጭ ይሆናል፤ ስለዚህ የ3 መደቦች በ2 መደቦች ይገለጻሉ። አሁን (3+√−23)/2ን ይመልከቱ። ኖርሙ 9 እና 23 ተደምረው ለ4 ሲካፈሉ፣ ማለትም 8 ነው፤ ቁጥሩ ግን በ2 አይካፈልም። ስለዚህ የሚያመነጨው አይዲያል ከ2 በላይ ያለ የአንዱ ፕራይም አይዲያል ሣልስ ርቢ መሆን አለበት። ኖርሙ 2 የሆነ ቁጥር ስለሌለ የዚያ አይዲያል መደብ ኦርደር በትክክል 3 ይሆናል፤ ክላስ ግሩፑም ሦስት አባላት ይኖሩታል።

እዚህ ላይ ወደ ኩመር ይመለሱ። 23ኛዎቹን የ1 ዘሮች የያዘው ፊልድ √−23ን በውስጡ ይዟል። በዚያ ትልቅ ፊልድ ከ2 በላይ ያለ ፕራይም አይዲያል ወደ ትንሹ ፊልድ በኖርም ሲወርድ የ2 አይዲያልን 11ኛ ርቢ ይሰጣል፤ 11 ደግሞ በ3 አይካፈልም። ስለዚህ ያ ኖርም በአንድ ቁጥር አይመነጭም፣ ትልቁ አይዲያልም እንዲሁ። ላሜን የጣለው እንቅፋት በአንድ ከሰዓት በኋላ በእጅ የሚደረስበት ነው፤ በእጅ ላልሠራ ሰው ግን ከታሪክ ወሬ አያልፍም።

ስለ ዩኒቶችስ?

ዩኒት የሚባለው ተገላቢጦሹም በዚያው ሪንግ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። የዲሪክሌ የዩኒት ቴዎረም (1846) የዩኒቶቹ ግሩፕ ምን ቅርጽ እንዳለው ይነግራል፤ ዩኒቶቹ ምን ያህል ትልቅ እንደሆኑ ግን አይነግርም፤ አስገራሚው ነገር ያለውም እዚያ ነው። የአንድ ቁጥር ዳግም ርቢ የሌላው ዳግም ርቢ በ60 ተባዝቶ ሲቀነስበት 1 እንዲሆን ከተፈለገ 31 እና 4 ይበቃሉ። በ62 ቦታ 63 እና 8 ይበቃሉ። በመካከላቸው ያለው 61 ግን ትንሹ መፍትሔው 1766319049 እና 226153980 ነው። ሕንዳዊው ባስካራ ይህንን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አግኝቶታል፤ ፌርማም በ1657 ለዘመኑ ሰዎች ይህንኑ በፈተና መልክ ሰጥቷል። ምስጢሩ በ(39+5√61)/2 ውስጥ ነው፦ ኖርሙ −1 የሆነው ይህ ትንሽ ዩኒት ስድስት ጊዜ ርቢ ሲደረግ ያ ግዙፍ መፍትሔ ይወጣል።

ፒ-አዲክ ቁጥሮችን መቼ ልማር?

ከአይዲያሎች መከፋፈል በኋላ፣ ከክላስ ፊልድ ቲዎሪ በፊት። ኩርት ሄንዝል በ1897 ያስተዋወቃቸው እነዚህ ቁጥሮች አንድን ችግር በአንድ ፕራይም ብቻ ለይቶ ለማየት ያስችላሉ። አንዳንድ መምህራን ኮርሱን በእነሱ ይጀምራሉ፤ አጭር መንገድ ቢሆንም ጀማሪው ምን እየተቃለለለት እንደሆነ ሳያውቅ ማቃለያውን ስለሚቀበል እኔ አልደግፈውም።

ክላስ ፊልድ ቲዎሪን ያለ ማረጋገጫ መቀበል ነውር ነው?

በመጀመሪያ ንባብ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ የዘርፉ ሰዎች የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ቴዎረሞቹ በ1920 በጃፓናዊው ቴይጂ ታካጊ፣ በ1927 ደግሞ በኤሚል አርቲን የሬሲፕሮሲቲ ሕግ ሙሉ መልክ ያዙ፤ ማረጋገጫዎቹ ግን ረጅም ናቸው፤ በኮሆሞሎጂ የሚሄደው መንገድም ለራሱ ወራት ይፈልጋል። በቅድሚያ ቴዎረሙ ምን እንደሚል በምሳሌ ይያዙ፦ የአንድ ፊልድ አቤላዊ ቅጥያዎች በሙሉ ከውስጡ ብቻ ሊነበቡ ይችላሉ ማለት ነው። √−23 ላይ ያገኙት ሦስት አባላት ያለው ግሩፕ፣ ዲግሪው 3 የሆነ፣ በየትኛውም ፕራይም ራሚፊኬሽን (በትንተናው ውስጥ አንድ ፕራይም አይዲያል መደጋገሙ) የሌለበት ቅጥያ እንዳለ ይነግርዎታል፤ ያንን ቅጥያ የሚያመነጨው የሣልስ ርቢ ፖሊኖሚያል የትኛው እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት ከሁሉ የተሻለ መግቢያ ነው። ዲስክሪሚናንቱ −23 የሆነ ይፈልጉ። ማረጋገጫውን ከዚያ በኋላ ያንብቡ፤ ማንበቡ ግን አይቀርም፤ በዘርፉ ምርምር ለመሥራት ያሰበ ሰው አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያልፍበት ይገባል።

የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ?

አንድ ብቻ ከሆነ፣ በልምምድ ጥያቄዎች የተሞላውንና በ1977 የወጣውን የዳንኤል ማርከስን ስለ ቁጥር ፊልዶች የተጻፈ መጽሐፍ። የዩርገን ኖይኪርሽ ሥራ ከሱ ይጠልቃል፤ በሁለተኛው ዓመት ቢደረስበት ይሻላል። ገንዘብ ችግር ለሆነበት ተማሪ የጄምስ ሚልን የኮርስ ማስታወሻዎች በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ መጽሐፍ አጣሁ ማለት ምክንያት አይሆንም። በአንድ ጊዜ አራት መጽሐፍ ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል፣ የተማሪዎች የተለመደ ልማድ ቢሆንም፣ የምልክቶቹ ልዩነት ብቻ ጊዜ ይበላል።

ኮምፒዩተር ልጠቀም?

አሥሩን በእጅ ከሠሩ በኋላ፣ ያለ ገደብ። ፓሪ ጂፒ የተሠራው በቦርዶ ለዚሁ ዘርፍ ሲሆን ነፃ ነው፤ ሴጅማዝም እንዲሁ፤ ሁለቱም አነስተኛ አቅም ባለው ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ኤልኤምኤፍዲቢ የሚባለው የመረጃ ቋት ደግሞ እጅግ ብዙ የቁጥር ፊልዶችን ከነክላስ ግሩፖቻቸው ይዟል፤ የእጅ ሥራዎን ለማመሳከር ይጠቅማል። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ፓሪ የትልቅ ፊልድን ክላስ ግሩፕ ሲሰጥ በተለመደው አሠራሩ አጠቃላዩን የሪማን መላምት እንደ እውነት ወስዶ ነው፤ ውጤቱን ያለ መላምት ለማረጋገጥ ሌላ ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። ይህንን ሳይገልጹ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ «ተሰልቷል» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

ለምርምር ያልተፈታ ምን ቀርቷል?

ጥያቄው ለመጠየቅ ቀላል፣ መልሱ ግን እስካሁን የጠፋ ብዙ ነገር አለ። ጋውስ በ1801 ባሳተመው ሥራው ያነሣው ጉዳይ ግማሹ ተፈትቷል፤ ከ√−1 ጀምሮ ክላስ ቁጥራቸው (የክላስ ግሩፑ አባላት ብዛት) 1 የሆኑ ኢማጂናሪ ኳድራቲክ ፊልዶች ዘጠኝ ብቻ መሆናቸው፣ ማለትም የ√−1፣ √−2፣ √−3፣ √−7፣ √−11፣ √−19፣ √−43፣ √−67 እና √−163፣ ታውቋል። ኩርት ሄግነር በ1952 ያቀረበው ማረጋገጫ ጎዶሎ ነው ተብሎ ሳይታመን ቀርቶ፣ አለን ቤከር በ1966፣ ሃሮልድ ስታርክ በ1967 ካረጋገጡት በኋላ የሄግነር ክፍተት ትንሽ እንደነበረ ታየ፤ ሄግነር ግን በ1965 ሞቶ ነበር። ሌላኛው ግማሽ፣ ክላስ ቁጥራቸው 1 የሆኑ ሪል ኳድራቲክ ፊልዶች ማለቂያ የላቸውም ወይ የሚለው፣ ዛሬም ክፍት ነው። ሄንሪ ኮኸንና ሄንድሪክ ሌንስትራ ያቀረቡት ግምት፣ ዲስክሪሚናንታቸው ፕራይም ከሆኑት ወደ 75.4 በመቶው እንዲህ እንደሚሆኑ ይተነብያል፤ የኮምፒዩተር ስሌትም ይደግፈዋል፤ ግን ማለቂያ የሌላቸው መሆናቸውን እንኳ ያረጋገጠ የለም። ኩመር ሬጉላር ብሎ የለያቸው ፕራይሞች (የ1ን p-ኛ ዘሮች የያዘው ፊልድ ክላስ ቁጥር በp የማይካፈልባቸው) ማለቂያ ይኑራቸው አይኑራቸውም አይታወቅም፤ ከ100 በታች ያሉት ኢሬጉላሮች 37፣ 59 እና 67 ብቻ ሲሆኑ፣ ማለቂያ እንደሌላቸው የተረጋገጠው ግን በተቃራኒው ስለ ኢሬጉላሮቹ ነው።

እነዚህ የማስተርስ ጽሑፍ ርእሶች አይደሉም። ለማስተርስ የሚመቸው አንድን የታወቀ ቴዎረም በተወሰነ የፊልዶች ቤተሰብ ላይ በዝርዝር መሥራት ነው። በርእስ መረጣ ላይ የአማካሪው ማንነት ከርእሱ ማማር ይልቅ ይወስናል።

ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ሥራ አለው?

በምስጢራዊ ጽሑፍ ሙያ አለው። ትልልቅ ቁጥሮችን ለመተንተን እስካሁን የታወቀው ፈጣኑ አጠቃላይ ዘዴ የቁጥር ፊልድ ወንፊት የሚባለው ሲሆን፣ በ2020 250 አኃዝ ያለው የአርኤስኤ ቁጥር የተተነተነው በሱ ነው። በ2024 በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የጸደቀው፣ የኳንተም ኮምፒዩተርን እንዲቋቋም የታሰበው የቁልፍ መለዋወጫ ሥርዓትም ዲግሪው 256 በሆነ ሳይክሎቶሚክ ፖሊኖሚያል ላይ የቆመ ነው።

ከኢትዮጵያ የሚነሣ ተማሪ በየት በኩል ይሂድ?

በአገር ውስጥ የአልጀብራ መሠረቱን አጠንክሮ መውጣት ይቻላል። ከዚያ ቀጥሎ ሁለት የታወቁ መሸጋገሪያዎች አሉ፦ በጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኘው፣ አብዱስ ሳላም በ1964 የመሠረተው ማዕከል በሒሳብ የሚሰጠው የአንድ ዓመት ዲፕሎማ፣ እና በ2003 በደቡብ አፍሪካ ተጀምሮ ሩዋንዳን ጨምሮ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተስፋፋው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም የማስተርስ ትምህርት። በአውሮፓ ላይደን፣ ፓዶቫና ቦርዶን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተጣመሩበት አልጋንት የተባለው የማስተርስ ፕሮግራም ከስሙ ጀምሮ ለአልጀብራ፣ ለጂኦሜትሪና ለቁጥር ንድፈ ሐሳብ የቆመ ነው። በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጥር እወዳለሁ» ከሚል ገጽ ይልቅ፣ አንድ የሠሩትን ስሌትና የገታዎትን ጥያቄ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ የመራጮችን ዐይን ይይዛል። ቪዛና ትኬት ለማይገኝለት ደግሞ፣ በአሪዞና ቱሳን በየዓመቱ በመጋቢት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚዘጋጀው «ዊንተር ስኩል» የተባለው የአጭር ጊዜ ትምህርት ማስታወሻዎቹንና የንግግሮቹን ቪዲዮ በነፃ ያወጣል።

በአማርኛ ማጥናት ይቻላል?

ለመጻፍ የሚያስችል የጸና የቃላት ስምምነት ገና የለም፤ ለማሰብና ለመወያየት ግን ይቻላል፤ ሁለት ተማሪዎች ሰሌዳ ፊት ቆመው «ይህ አይዲያል በአንድ ቁጥር አይመነጭም፣ ለምን?» ሲባባሉ የሚነጋገሩት አማርኛ ነው። «ሪንግ»ን «ቀለበት» ብሎ መተርጎም የጣት ጌጥ ከማስታወስ በቀር ምን እንደሚጨምር አልታየኝም፤ «ዳግም ርቢ»ን፣ «ዳግም ዘር»ንና «እኩልታ»ን ግን ትምህርት ቤት ስላስለመደን መተው አያስፈልግም። የምርምር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መቅረቡ ስለማይቀር፣ ማረጋገጫን በእንግሊዝኛ በሙሉ ዐረፍተ ነገር መጻፍን ከመጀመሪያው የልምምድ ጥያቄ ይጀምሩ።